ያልመጡት ግመሎች

ሰልዋ ነገሩን የሰማችው የቁርሱን ሳህን እያጠበች፣ በበሩ መጋረጃ በኩል ነው። «እጁ የማንም ይሁን፣ ጋሽ ካሚል» አለች ኢፍቲን፣ ጥርት ባለው የአዲስ አበባ አማርኛዋ። «ብሩሹን ማን ያዘው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሥራው ሐሳቡ ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ የእርስዎ ነው። ከሥዕሉ ሥር በሚለጠፈው ካርድ ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ብቻ ነው።» የሰልዋ እጅ አረፋው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ቀጥሎ የተሰማው የሱዓድ ድምፅ ነበር። ሱዓድ የሰልዋ ባል የካሚል ታናሽ እህት ናት፤ አብራቸው ትኖራለች፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ገበያ የምታወጣቸውን ሽርጦች እያጣጠፈች ነበር። «እና ሰልዋ ብሩሽ ናት ማለት ነው?» አለች፣ ከሽርጦቿ ቀና ሳትል። ኢፍቲን ሳቀች። ካሚልም ሳቀ። ሰልዋ ሳህኑን አለቀለቀችና ደፋችው።

ኢፍቲን ክፋት የላትም። የሐርጌሳ ልጅ ናት፤ ጦርነቱ ከተማውን ሲያፈርሰው በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሸሽታ አዲስ አበባ አደገች፣ እዚያው ተማረች፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር ሄዳ ሥዕል አጠናች። ወደ ሐርጌሳ የተመለሰችው አምና ነው። ሰው ሁሉ ጣሪያ በሚከድንበት፣ ሲሚንቶ በሚያስጭንበት ጊዜ እሷ የሥዕል ትርዒት አዘጋጃለሁ ስትል ዘመዶቿ ሳይቀሩ ስቀውባታል። እሷ ግን ሃያ ስድስት ጁን በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ጥይት የበሳሳውን የትምህርት ቤት አዳራሽ አስለስና፣ ኖራ አስቀብታ፣ ርእሱን «ቤት» ብላ ከየሰፈሩ ሥዕል መሰብሰብ ያዘች። የካሚልን ሥዕል ትናንት ወስደውታል። ዛሬ የመጣችው ባልና ሚስቱን በመኪናዋ ለማድረስና ካርዱን ለማንበብ ነበር። «እዚያ ያስተማረኝ ሰውዬ ለዓመታት ብሩሽ አልነካም» ስትል ሰልዋ በመጋረጃው ክፍተት አየቻት። «ስልክ ይደውላል። ግድግዳውን በሙሉ ጥቁር ቀቡት፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር ስደዱ ይላል። ቀቢዎቹ ይቀባሉ፤ ሥዕሉ ግን የእሱ ነው። አስቡት እስቲ፣ ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ እያለ ድንጋዩን የደረደረው ግንበኛ ስሙ ይጻፋል?» ካሚል ጀርባውን አቅንቶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ድምፁ አዙሮ ነበር የሚሰማው። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ቀና ብሎ ሲቀመጥ ሰልዋ አላየችውም። ልትገባና ልትናገር የነበረውን ነገር በዚያ ምክንያት ተወችው።

ካሚል የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ በሙያው ሰሌዳ ጸሐፊ ነው። ጅግጅጋ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ሲሠራ ሰልዋን አገባ፤ ሐርጌሳ ስትገነባ ሥራ አለ ሲባል ደግሞ የድንበሯን ከተማ ቶጎ ጫሌን ተሻግረው መጡ። ሥራም ነበረ። በዚህ ከተማ ሱቅ የሚከፍት ሰው ሁሉ የሚሸጠውን ነገር ግድግዳው ላይ ያስላል፤ ስጋ ቤቱ ፍየል፣ ጎማ ጠጋኙ ጎማ፣ ጥርስ ነቃዩ ጥርስ። እነሱ ከሚኖሩበት ከጅግጅጋ ያር ሰፈር እስከ መሐል ከተማ በሚኒባስ የሄደ ሰው በየጥጉ «ካሚል አርት» የሚለውን ጽሑፍ ሳያይ አያልፍም። ከዚያ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ መጣ። ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ መጀመሪያ ጎን ለጎን ያለውን ወሰደ፣ ከዚያ መሐሉን። አዲስ አበባ ድረስ ቢሄዱም ሐኪሙ ዘግይታችኋል አላቸው።  ሐርጌሳ በገቡ በማግስቱ ግን ካሚል ሰልዋን ጠርቶ ብሩሽ አስያዛት። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይናገራል፤ እሷ ትቀባለች። ሲያስተምራት ቁጡ ነበር። ቀለሙን በጠረኑ ያውቀዋል፤ ማቅጠኛው አኳራጅ ሲበዛበት «ቀጠነብሽ አቦ!» ብሎ ይጮሃል። ደንበኛው ሲመጣ ካሚል ነው የሚነጋገረው፤ ጥጉ ላይ የሚጻፈውም የተለመደው «ካሚል አርት» ነው። ይሄን ሰልዋ አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም። የታዘዘ ጎማ ነው፤ ጎማ የማንም ነው።

የትርዒቱ ሥዕል ግን ሌላ ነበር። ኢፍቲን «ቤት» ስትለው ካሚል ወዲያው የመጣለት ደቻቱ ነው፤ የድሬዳዋ ደረቅ ወንዝ፣ በልጅነቱ ማለዳ ማለዳ ግመሎች እንጨት ጭነው ሲሻገሩት የሚያየው። ስንት ግመል፣ የትኛው አንገቱን ወደ የት እንዳዞረ፣ የአቧራው ቀለም ምን እንደሆነ ሳይቀር ነገራት። ሰልዋ ድሬዳዋን ያለፈችው አንድ ጊዜ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተኝታ ነው። «አሸዋው ቢጫም አይደለም፣ ነጭም አይደለም» አላት ካሚል። «ድልድዩ ሥር ውረጂና የዚህን ከተማ ወንዝ አሸዋ እይ። እህትማማች ናቸው።» ወረደች። ውሃ የሌለበት ሰፊ ወንዝ መሐል ከአያሃ ሰፈር በእግራቸው የመጡ ሴቶች ለግንበኞች የሚሸጥ አሸዋ ይነፋሉ። የብረት አልጋ አዘንብለው አቁመው፣ ሽቦ ወጥረውበት፣ በአካፋ እያነሡ ይወረውሩበታል፤ ደቃቁ ያልፋል፣ ጠጠሩ ይመለሳል። ሰልዋ አሸዋውን ልታይ ሄዳ ሴቶቹን ስታይ ዋለች። አንዷ ኒምኮ የምትባለው ሻይ አካፈለቻትና «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለቻት። ሰልዋ በሌሎች ቀናትም ተመልሳ ሄደች። ቤት ገብታ የወጠረችው አቡጀዴ ፊት ስትቆም፣ መጀመሪያ ሴቶቹን በሩቁ ትንሽ አድርጌ ላስገባ ብላ ነው የጀመረችው። ከዚያ አደጉ። አካፋው አደገ፣ አልጋው አደገ፣ ቀትሩ መጣ፤ ለግመል የሚሆን ቦታ አልቀረም። ግመል መሳል አቅቷት አይደለም። የግመል ወተት የሚሸጡ ሱቆች ግድግዳ ላይ ስንት ግመል ስላ ታውቃለች!

ካሚል በየምሽቱ ይጠይቃል። «ግመሎቹ ደረሱ?» ይላል፣ ቀለሙ ወደሚሸትበት አቅጣጫ ፊቱን አዙሮ። «እየመጡ ነው» ትለዋለች። በዚህ ይስቃሉ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ ነገ እነግረዋለሁ ብላ አስባ ነበር። ነገ ሲሆን እሱ ስለ ግመሎቹ ሌላ ነገር አስታውሶ ይነሣል፤ የአንዱን አንገት ደወል፣ የነጂውን ሽርጥ፤ እሷ ደግሞ አፏ ላይ የነበረውን ትውጠዋለች። ሱዓድ አይታለች። አንድ ቀን ከገበያ ተመልሳ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመችና በሹክሹክታ «ግመሎቹ ጠፍተው ነው?» አለቻት። ሰልዋ ብሩሿን ቀለም ውስጥ ነከረች። ሱዓድም ለካሚል አልነገረችውም። ወንድሟ «እንዴት ነው?» ሲላት «ያምራል» ትለዋለች፤ ይሄ ደግሞ ውሸት አልነበረም። ሦስቱ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ወጥና ቀለም እየሸተተ፣ እንዲህ ሆነው ከረሙ።

«በሉ እንነሣ» አለች ኢፍቲን። ሰልዋ እጇን በሻርፓዋ ጫፍ አድርቃ ገባች። ካሚል ንጹሑን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ቆሟል። «ሰሉ፣ ሰማሽ የምትለውን?» አላት፣ ድምፁ ልጅ ሆኖ። «ሰምቻለሁ» አለችው። ክንዱን ያዘችና ወጡ።

አዳራሹ ኖራ ኖራ ይሸታል። መስኮቶቹ መስታወት ገና አልገባላቸውም፤ የመንገዱ ጩኸት፣ የአህያ ጋሪው፣ የሲሚንቶ ማቡኪያው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይገባል። የመጣው ሰው ከተጠበቀው በላይ ነው፤ ነጋዴዎች፣ አስተማሪዎች፣ ከውጭ የተመለሱ ወጣቶች፣ ጥቂት ፈረንጆች። የካሚልን ሥዕል ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅለውታል። ሥሩ ካርዱ አለ፤ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ «ደቻቱ። ካሚል አብዱረሕማን» ይላል። ሰልዋ ሥዕሉን ከራሷ ቤት ውጭ ስታየው ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ትልቅ ሆኖ ታያት። ካሚል አጠገቡ ቆሞ መዳፉን ጠርዙ ላይ አሳረፈ። ሰው እየመጣ እጁን ይጨብጠዋል፤ «ማሻ አላህ፣ ማዓሊን ካሚል» ይሉታል፣ በእነሱ ቋንቋ መምህር ማለታቸው ነው። አሸዋው፣ ወንዙ፣ ፀሐዩ ይሉታል። አሸዋም ወንዝም ፀሐይም እንድትስል ስላዘዛት ካሚል ሁሉንም በጸጋ ይቀበላል። ሰልዋ ከኋላው ቆማ፣ ሴቶቹን ማን ያነሣ ይሆን እያለች እያንዳንዱን አፍ ታያለች። 

ሽማግሌው ኢጋል መጡ። ካሚል ሐርጌሳ ሲገባ መጀመሪያ ሱቃቸውን የቀባላቸው የብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብለው፣ ብዙ አዩና በሶማሊኛ «ወላሂ እነዚህን ሴቶች አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ቤቴ የተሠራው በእነሱ አሸዋ ነው። ይህቺ ሽርጧን እንዲህ አድርጋ የምታስረው ኒምኮ ናት። ግን አንተ እንዴት አየሃቸው፣ ካሚል?»

የካሚል ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆየ። ሽማግሌው ወደ አንድ የሚያውቁት ሰው ዞር ሲሉ አፉን ወደ ሰልዋ ጆሮ አስጠጋ። «ምን ሴቶች?» አለ በአማርኛ።

«አሸዋ የሚነፉ ሴቶች።»

«ግመሎቹስ?»

«አልመጡም» አለችው።

ክንዱ በእጇ ውስጥ ሲጠነክር ተሰማት። ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ አልነበረም፤ ኢፍቲን እያጨበጨበች ሰውን ወደ መሐል ሰብስባለች። ስለ አዲሱ ሥነ ጥበብ ተናገረች፣ ሐሳብ ከእጅ እንደሚቀድም ተናገረች፣ ዓይኑን ያጣ ሰው ሠዓሊ ሆኖ ሊቀጥል እንደሚችል ይሄ ምስክር ነው አለች።  «አሁን ማዓሊን ካሚል ሥዕሉ እንዴት እንደተፀነሰ ይነግረናል» ብላ ዞረች። ሰልዋ «ተመለስ፣ አሞኛል በል» ልትለው ፈለገች። ካሚል ግን ክንዱን አስለቀቃት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለባለቤቴ እንዲህ አልኳት» አለ፣ ድሬዳዋ ድሬዳዋ በሚለው ሶማሊኛው። «አሸዋ የሚነፉትን ሴቶች ሳዪ አልኳት። አራት ይሁኑ። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ሰማዩ ቀይ ይሁን። ውለው ደክሟቸዋል፤ ወንፊታቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ እየዘፈኑ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይሄ ነው ቤት።»

ሰዉ ካሚልን አየ። ከዚያ ሥዕሉን አየ። ሥዕሉ ላይ ሦስት ሴቶች አሉ፤ ቀትር ነው፣ ሰማዩ ከሙቀቱ የተነሣ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወንፊቱ አልጋ ነው። ማንም አይዘፍንም፤ የሁሉም አፍ በሻርፓ ተሸፍኗል፣ ለአቧራው። ኢፍቲን ለፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ እየተረጎመች ነበር። ሰልዋ እንግሊዝኛ አትችልም፤ የቀለሞቹን ስም ግን ከጣሳዎቹ ላይ ታውቃቸዋለች። «ሬድ» የሚለውን ስትጠብቅ ኢፍቲን እዚያ ላይ ደርሳ ቆመች፣ ሥዕሉን አየች፣ ሰልዋን አየች፤ ከዚያ ቃሉን ዘልላ ቀጠለች። አንድ ሰው አሳለ። ሽማግሌው ኢጋል መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሁሉም ተከተለ፤ ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ካሚል ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበረው።

ኢፍቲን አደርሳችኋለሁ ብትልም ካሚል በራሳችን እንሄዳለን አለ። ሚኒባስ ያዙ። ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት ሁለት ዶሮ በዘንቢል ይዛለች፤ ረዳቱ ስለ ታሪፉ ከአንድ ወጣት ጋር ይጨቃጨቃል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ «ካሚል አርት» «ካሚል አርት» እያለ ያልፋል። ሰልዋ ያ ጽሑፍ እንዳይታያት ዓይኗን ዶሮዎቹ ላይ አደረገች። ጅግጅጋ ያር ሲወርዱ ካሚል የዘረጋችለትን እጅ ያዘ እንጂ አልጨበጠውም።

ሱዓድ ሩዝ በፍየል ስጋ ሠርታ ጠበቀቻቸው። አዳራሹ እንዴት ነበር፣ ማን መጣ፣ ለውዝና ሻይ ነበረ ወይ ብላ ጠየቀች። «ሰዉ ወዶታል» አለ ካሚል። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ጥያቄውን ለሚስቱ ሳይሆን ለእህቱ ነበር ያቀረበው።

«ሱዓድ፣ አንቺ አይተሽዋል አይደል?»

«ምኑን?»

«ሥዕሉን።»

ሱዓድ ሰልዋን አየቻት። ሰልዋ ትሪውን ታያለች። «አይቻለሁ» አለች ሱዓድ።

«ስንት ሴቶች ናቸው?»

«ሦስት።»

«ሰማዩ ቀይ ነው?»

«ቀትር ነው፣ ወንድሜ። ነጭ ነው።»

«ወንፊቱን ተሸክመውታል?»

«እንዴት ብለው? አልጋ እኮ ነው።»

ካሚል ሁለት መዳፉን ፊቱ ላይ ከደነ። ከጎረቤት ግቢ ጀነሬተር ይሰማል። «እና ያን ሁሉ ጊዜ ስናገር» አለ ከእጆቹ ውስጥ፣ «ያ ሁሉ ሰው እያየ ነበር?»

«እያየ ነበር» አለች ሰልዋ።

«የሳቀ አለ?»

«ማንም አልሳቀም። አጨበጨቡልህ።»

ይሄኛው ከሳቅ ይልቅ እንደጎዳው አየች። እጁን ከፊቱ ላይ ሲያነሣ ድምፁ ተለውጦ ነበር። «አላህ ዓይኔን ወሰደ፤ አልሐምዱ ሊላህ አልኩ። አፌ ቀረልኝ ብዬ ነበር። እሱን ደግሞ አንቺ ወሰድሽው! ስንት ቀን ጠየቅኩሽ? እየመጡ ነው እያልሽ ስታሾፊብኝ ከረምሽ! ሰሌዳዎቹስ? እነሱንም እንደፈለግሽ ነው የምትሠሪው?»

«ሰሌዳዎቹን እንዳልከኝ ነው የሠራሁት።»

«ሁሉንም?»

«የጥርስ ነቃዩ ላይ አንድ ጥርስ ጨምሬያለሁ።»

ሱዓድ ሳታስበው ሳቅ አመለጣትና አፏን በሻርፓ ያዘች። ካሚል አልሳቀም። ሰልዋ ይቅርታ ልትለው ከተቀመጠችበት ተነሥታ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ጠዋት ልነግርህ ነበር። ያቺ ልጅ ስትናገር ቀና ብለህ ተቀምጠህ አየሁህ፤ እዚያ ወንበር ላይ ተደፍተህ ማየት ሰልችቶኛል ካሚል፣ ስለዚህ ዝም አልኩ። ስሜም ይቅር አልኩ። አንተ ግን እዚያ ቆመህ፣ ግመሎቹ እንደሌሉ ካወቅክ በኋላ፣ የእኔን ሴቶች ወሰድካቸው። አንዷን ጨመርክባቸው። በዚያ ድካም ላይ አዘፈንካቸው!» ድምጿ ከፍ ማለቱ ለራሷም አስደነገጣት። ባሏ ላይ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ሱዓድ ትሪውን አንሥታ ቀስ ብላ ወጣች።

 ሰልዋ ሌላ ክፍል ገብታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ ያለቀሰች መስሏት ዓይኗን ብትነካ ደረቅ ነበር። አንድ ጊዜ ሱዓድ ብቅ ብላ አየቻትና ምንም ሳትል ውሃ አስቀምጣላት ሄደች። የከሰዓት በኋላው የዐስር አዛን ሲሰማ ካሚል ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄዶ ለስግደት ውዱእ ሲያደርግ ሰማችው፤ ብቻውን። ሰግዶ ሲጨርስ ወደ በሩ መጣ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ።

«እነማን?»

«ሴቶቹ።»

ነገረችው። አልጋው እንዴት እንደቆመ፣ አካፋ የያዘችው እንዴት ወገቧን እንደጠመዘዘች፣ ሁለተኛዋ ጠጠሩን በእጇ ስትጠርግ፣ ሦስተኛዋ ተቀምጣ ሻይ ስታፈስ ነገረችው። የት ላይ ነጭ ቀለም እንዳለቀባትና ኖራ እንደቀላቀለችበት ሳይቀር ነገረችው። ካሚል በሩ ላይ ተደግፎ፣ ሥራ ሲያዝ እንደሚያደርገው ጣቶቹን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰ ሰማ። ስትጨርስ «እኔ ይሄን አላዝሽም ነበር» አለ። ክፉ ይሁን ደግ ድምፁ ላይ አይለይም ነበር። «ጫማሽን አድርጊ። ሳይዘጉ እንድረስ።»

ሲደርሱ አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ ቀርቷል። ኢፍቲን ወንበር ስትደራርብ ነበር፤ ስታያቸው ደነገጠች። ካሚል ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ጠዋት ሐሳቡን ያመጣው ነው ባለቤቱ ብለሽኛል» አላት። «እኔ ግመል ነው ያዘዝኳት። ካርዱ ላይ ያለውን ስም አውጪው።»

«ቀዩን ሰማይ ሲሉ ገብቶኝ ነበር፣ ጋሽ ካሚል» አለች ኢፍቲን ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ሰልዋ ዞረች። «አንቺን ምንም ሳልጠይቅሽ ነው ስላንቺ ያወራሁት።» ሁለቱንም ስም ብንጽፈውስ ብላ ሞከረች፤ ትምህርቱን የሰጠ እሱ ነው፣ ሰዉም ጠዋት ንግግሩን ሰምቷል፣ ነገ ምን እላቸዋለሁ አለች። ሰልዋ ባሏን አየችው። የእሱ ስም ከጎኗ ቢጻፍ ደስ ባላት ነበር፤ እውነት ባይሆንም ደስ ባላት። «ነገ የጠየቀሽ ካለ ካሚል ዋሸ በይ» አለ ካሚል። «እውነቱ ያ ነው። ስሟን ጻፊ።» ኢፍቲን ወንበሩን ተወችና ከጠረጴዛው መሳቢያ አዲስ ካርድ አወጣች። የአባቷን ስም ጠየቀቻት፤ የሥዕሉን ስም ምን ልበለው አለቻት። ሰልዋ ስም አላሰበችለትም ነበር። «አሸዋ በይው» አለች። ኢፍቲን በማርከር ጻፈችና አሮጌውን አንሥታ በቦታው ለጠፈችው። ካሚል ጠርዙን ዳብሶ ፈልጎ፣ አዲሱን ካርድ በአውራ ጣቱ ተጫነው እንዲይዝ።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት በሩን አልፋ ገባች። ከገበያ የምትመለስ ናት፤ ዘንቢሏን በክንዷ አንጠልጥላለች፤ ኢፍቲን «ነይ ግቢ ሲራድ፣ አንዘጋብሽም» አለቻት፤ የሰፈሯ ሰው ናት። ሲራድ ሥዕሉ ፊት ቆማ ራሷን ወዲህ ወዲያ አዘነበለች። አጠገቡ የቆመውን ወንድ አይታ በሶማሊኛ «አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችው።

«እኔ አይደለሁም» አለ ካሚል። «ሠዓሊዋ እሷ ናት። የምትይውን ለእሷ በያት።»

ሲራድ ወደ ሰልዋ ዞረች። «የዚህችኛዋ ጥላ ወደዚህ ነው» አለች በጣቷ እያሳየች። «የዚያችኛዋ ደግሞ ወደዚያ። ሁለት ፀሐይ ነው እንዴ ያለው?»

ሰልዋ አየች። እውነት ነበር። አንዷን በአንድ ቀን ጠዋት፣ ሌላዋን በሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ አይታ፣ ያየችውን እንዳለ አምጥታ አስቀምጣዋለች። ያን ሁሉ ጊዜ ፊቱ ቆማ ስትቀባ አልታያትም፤ ዛሬ ጠዋት ያ ሁሉ ሰው ሲያይም ማንም አላለም።  ኢፍቲን ፈጥና «ምናልባት ሆን ብላ ይሆናል፣ ጊዜውን ለማሳየት ሐሳብ—» ማለት ጀመረች። ካሚል ፊቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ ይጠብቃል።

«አይደለም» አለች ሰልዋ። «ተሳስቼ ነው።»

ሲራድ ራሷን ነቀነቀች። «ሌላው ደህና ነው» አለችና ዘንቢሏን ወደ ሌላኛው ክንዷ አሸጋግራ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈች።